ከሽሮ ሜዳ እስከ ዶርዜ

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው። ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ከየግቢው የሚሰማው የመወርወሪያ ድምፅ ከሰፈራችን ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስለኝ ስለነበር ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም። በመስቀል ሰሞን ግን ድምፁ ድንገት ይጠፋል፤ ሰፈሩም ጭር ይላል። እናቴን ስጠይቃት «ሸማኔዎቹ አገራቸው ገብተዋል» ትለኝ ነበር። ያ አገር የት እንደሆነ ለማየት ባለፈው ጥር ወደ ዶርዜ ሄድሁ።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ ከቆላ ወደ ደጋ በአንድ ትንፋሽ የሚያወጣ ዳገት ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ጉጌ ተራሮች ላይ ያለችው ዶርዜ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ላብ እየጠረግሁ የተሳፈርሁ ሰው ስወርድ ጋቢ ፈለግሁ። በየመታጠፊያው ወደ ኋላ ዞር ሲሉ አባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለው የየብስ ድንበር «የእግዜር ድልድይ» ይባላል።

ስለ ዶርዜ ቤት የዝሆን ፊት ይመስላል ሲባል ሰምቼ ነበር። በእርግጥም ወደ ፊት የወጣው መግቢያ እንደ ኩምቢ፣ ከላዩ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች እንደ ዓይን ናቸው፤ ሽማግሌዎቹም ቀድሞ በአካባቢው ዝሆን ይኖር እንደነበር ይናገራሉ። እኔን ያስደነቀኝ ግን መልኩ ሳይሆን አሠራሩ ነው። ቀርከሃው ተሰንጥቆ ቁመቱ እንደ ድር ይቆማል፣ አግድሙ እንደ ማግ እየተሰካካ ይገባል፤ እንዲህ እየተጎነጎነ ከመሬት እስከ 12 ሜትር ድረስ ይወጣና ላዩ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ቅርፊት ይለብሳል። በጥጥ የሚሠሩትን በቀርከሃም ይሠሩታል። እነዚህ ሰዎች ቤታቸውንም ሸምነውታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያስተናገዱኝ አዛውንት አንድ አጠር ያለ ቤት አሳዩኝና «ልጄ፣ ይህ ከእኔ ይበልጣል» አሉኝ። ምስጥ የቤቱን ሥር በበላው ቁጥር የተበላው እየተቆረጠ ይጣላል፤ ቤቱ ያጥራል፣ በሩም ወደ ላይ እንደገና ይቀደዳል። ስለዚህ የቤት ዕድሜ በቁመቱ ይገመታል፤ ስድሳ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆዩ አሉ። ቦታ መቀየር ካስፈለገ ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ይወስደዋል። በውስጡ ምድጃው ሲነድ፣ በአንድ ወገን የታሰሩት ከብቶች ትንፋሽ ተጨምሮበት፣ የደጋው ብርድ ከበር አይዘልቅም።

ጓሮው በሙሉ እንሰት ነው። የቤቱ እመቤት ግንዱን በቀርከሃ መፋቂያ ሲፍቁ ጎንበስ ብዬ ለመርዳት ሞከርሁ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቼ ወገቤን ያዝሁ። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በጉድጓድ ለወራት ይብላላና ቆጮ ይሆናል፤ የተጨመቀው ፈሳሽ ሲረጋ ቡላ ይወጣል፤ የቀረው ጭረት ቃጫ ነው። ይህ ሁሉ የሴቶች ድካም ነው። እንሰት በአገራችን ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚመገበው ተክል ሆኖ ሳለ እኔ አዲስ አበባ ላይ የማውቀው ከክትፎ ጋር ብቻ ነበር። እዚያ ግን ትኩስ ቂጣውን በማርና በዳጣ በላሁት፤ ጣዕሙ እስካሁን አልለቀቀኝም።

የሽመናው ሥራ በቤተሰብ የተከፋፈለ ነው። ሴቶች ጥጡን ይዳምጣሉ፣ በደጋን ይነድፋሉ፣ በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶች ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን አስገብተው ይሸምናሉ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሚፈራረቁበትን ዱንጉዛ የሚባል ጨርቅ ሲሠራ ያየሁት ወጣት ዓይኑን ከድሩ ሳይነቅል ያነጋግረኝ ነበር። የአንድ ነጠላ ዋጋ ሲነሣ ገበያ ላይ አጥብቄ የምከራከር ሰው ነበርሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አፌ አይታዘዘኝም።

ማታ ከአዛውንቱ ጋር እሳት ዳር ተቀምጠን ስለ መስከረም 2011 ዓ.ም. አነሣሁባቸው። በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቶች በቁጣ ወጥተው ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። «አባባ፣ እንዴት ሊሆን ቻለ?» ስላቸው፣ «ሣር የያዘን አባት መርገጥ በእኛ ዘንድ ነውር ነው» አሉኝ። ሐዘን ላይ የነበሩ ሰዎች ያደረጉት ይህ ተግባር ለእኔ ከሐይቆቹም ከተራራውም ይበልጣል።

በማግሥቱ ወደ ቆላው ወረድሁ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸውን ምንጮች በጫካው ውስጥ አየሁ፤ በጫሞም ላይ በጀልባ ዞሬ ዳርቻው ላይ አፋቸውን ከፍተው የተኙትን አዞዎች ከሚገባው በላይ ቀርቤ ተመለከትሁ። የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክን ሜዳ ያየሁት ከሩቅ ነው። በዚያ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች የአንዲት በሌሊት የምትበር ወፍ አንድ ክንፍ ብቻ አግኝተው፣ በዚያች ክንፍ መነሻነት አዲስ ዝርያ ብለው መዝግበዋታል።

ከዶርዜ ስነሣ አዛውንቱ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቡላ ሰጥተውኝ ነበር። «ሽሮ ሜዳ ነኝ ካልሽ፣ ይህን ለልጄ አድርሽልኝ» አሉ። የነገሩኝ ግቢ ከእናቴ ቤት አራት በር ዝቅ ብሎ ያለው ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን አንኳኳሁ፤ የመወርወሪያው ድምፅ ቆመ፤ ልጃቸውም ከጉድጓዱ ወጥቶ ጥቅሉን በሁለት እጁ ተቀበለኝ።