«አንኳኩተሽ ነው የገዛሽው?»፦ የዱሮ የስዊድን ሲኒ ስሰበስብ የተማርኩት

ስቶክሆልም ውስጥ የምሠራው አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞሩ መንከባከብ ነው። ከዓመታት በፊት ጠዋት ጠዋት የምሄድላቸው አንዲት አዛውንት ነበሩ። ቁርሳቸውን አብልቼ መድኃኒታቸውን ከሰጠኋቸው በኋላ ቡና ሳያጠጡኝ አይለቁኝም ነበር። የሚቀዱልኝ ነጭ ሲኒ ላይ ነው፤ ዙሪያውን አረንጓዴ ቅጠሎች ተሰልፈውበታል፤ የእያንዳንዱ ቅጠል ደም ሥር ሳይቀር ተስሏል። አንድ ቀን ጠጥቼ ስጨርስ ሲኒውን ከእጄ ወስደው ገለበጡና ቂጡ ላይ ያለውን የመልሕቅ ምልክት አሳዩኝ። «ጉስታቭስበሪ» አሉኝ፤ የሠራው ፋብሪካ ስም ነው። ከባለቤታቸው ጋር ጎጆ ሲወጡ የገዙት ነበር። ከአሥራ ሁለቱ የቀሩት አምስት ብቻ ናቸው።

ከዚያ በኋላ አንዱን ሊሰጡኝ ፈለጉ። በእኛ ሥራ ከምንንከባከበው ሰው ስጦታ መቀበል ክልክል ነው። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ጥቁር አለ። በዚያው ዓመት በረዶው ሳይቀልጥ አረፉ። ልጆቻቸው ቤቱን ሲያስረክቡ ዕቃው የት እንደ ገባ አላውቅም። እኔ ግን ያንን ሲኒ መፈለግ ጀመርኩ።

የሥዕሉ ስም ቤርሶ ይባላል። በስዊድንኛ ቤርሶ ማለት ጓሮ ውስጥ ቅጠል ያለበሰው መቀመጫ ነው። ሙቀት ሲመጣ ሰዎች እዚያ ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ፤ እኛ ዳስ ብንለው ያስኬዳል። የሳለው ስቲግ ሊንድበሪ (1916–1982፣ ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ነው) ሲሆን፣ የጉስታቭስበሪ ፋብሪካ የተመሠረተው በ1825 ከስቶክሆልም ወጣ ባለችው ቬርምዶ ደሴት ላይ ነው። ቤርሶ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1974 ተመርቶ ቆመ። በ2000ዎቹ ደግሞ እንደገና መመረት ጀመረ።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ባለማወቄ የመጀመሪያው ገንዘቤ ባከነ። ኢንተርኔት ላይ «የዱሮ ቤርሶ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ሁለት ሲኒ ገዛሁ። ደርሰውኝ ስገለብጣቸው ማኅተማቸው እኒያ እናት ካሳዩኝ ጋር አይገጥምም። አዲሶቹ ናቸው። ጥሩ ሲኒዎች ናቸው፣ ዛሬም ሻይ እጠጣባቸዋለሁ፤ ግን የከፈልኩት የአሮጌ ዋጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቂጡ ፎቶ ሳይላክልኝ አንድም ዕቃ ከሩቅ ገዝቼ አላውቅም። ሻጩ ፎቶውን ለመላክ ካንገራገረ እተወዋለሁ።

ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነበር፤ ብዙ ያስተማረኝም እሱ ነው። እዚህ አገር ሎፒስ የሚባል ገበያ አለ፤ ሰው ያገለገለ ዕቃውን አደባባይ ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ ወይም ሣር ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። አንድ እሑድ ስድስት የሞን አሚ ሲኒ ከነማስቀመጫቸው በ300 ክሮነር አገኘሁ። ሞን አሚ ነጭ ላይ ሰማያዊ አበባ ያለው ነው። ማሪያን ቬስትማን የምትባል ሴት የሠራችው ሲሆን፣ በ1726 የተመሠረተው ሮርስትራንድ የሚባል የስዊድን ሸክላ ፋብሪካ በ1952 ለገበያ አወጣው። ልቤ ደንግጦ አንድ በአንድ ሳላይ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ቡና አፍልቼ ስቀዳ የአንዱ ሲኒ ማስቀመጫ ረጠበ። ጠረግኩት፤ ተመልሶ ረጠበ። ሲኒውን መብራት ላይ ሳነሣው ከጠርዙ እስከ ቂጡ የወረደ፣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አለው። ሌሎቹን ስፈትሽ ሁለቱ እንደዚያው ሆነው ተገኙ።

በስልክ ለእናቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«አንኳኩተሽ ነው የገዛሽው?» አለችኝ።

አላንኳኳሁም። እኔ እኮ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ቅዳሜ ገበያ ስሄድ ምጣድም ሆነ ጀበና ሳታንኳኳ ስትገዛ አይቻት አላውቅም። በጣቷ አንጓ መታ መታ ታደርግና ጆሮዋን ታስጠጋለች። ድምፁ ደፈን ካለ ሸክላ ሠሪዋ የቱንም ያህል ብትምል አትወስደውም። ስዊድን ስመጣ የገበያው ዕውቀት እዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ሲኒ ከሆነ ጆሮውን በአንድ ጣት አንጠልጥዬ ጠርዙን በጥፍሬ ቀስ አድርጌ እመታለሁ። ሳህን ከሆነ በሦስት ጣት ጫፍ ከሥር እደግፈዋለሁ፤ መዳፍ ላይ ከተኛ ድምፁ ይታፈናል። ጤነኛ ፖርሴሊን ቅጭል ይልና ድምፁ ትንሽ ይቆያል። የተሰነጠቀው ወዲያው ይሞታል። ወፈር ያለ ሸክላ በተፈጥሮው ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ከተመሳሳዩ ጋር እያስተያዩ መስማት ነው። ከዚያ ዐይኔን ጨፍኜ ጠርዙን ዙሪያውን በጥፍሬ እሄድበታለሁ፤ ዐይን ያላየውን ሽራፊ ጥፍር ያገኘዋል። ጆሮው ከሲኒው የሚገናኝበትንም እንደዚሁ። እዚያ ጋ ተሰብሮ በሙጫ የተጠገነ ዕቃ ላዩ ቀለም ስለሚቀባ ሲታይ አያስታውቅም፣ ሲዳሰስ ግን ሻካራ ነው። ገበያ ውስጥ ጫጫታ ስላለ ሻጩን አስፈቅጄ ዘወር ወዳለ ቦታ እወስደዋለሁ። እስካሁን የከለከለኝ የለም።

ማኅተሙ ላይ ሆን ተብሎ የተጫረ መስመር ካየሁ ደግሞ ዋጋ አስቀንሳለሁ፤ ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ራሱ ሁለተኛ ደረጃ ብሎ የለየው ነው ማለት ነው። ጉድለቱ የሚያብረቀርቀው ሽፋን ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ብትሆን እኔን አታስጨንቀኝም። የምገዛው ልጠጣበት ነው።

በመሃል አንድ ጊዜ «ሙሉ ሰርቪስ» የሚል ነገር ይዞኝ ነበር። አሥራ ሁለት ሳህን፣ አሥራ ሁለት ሲኒ፣ የሾርባ፣ የወጥ፤ ቁም ሣጥኑ ሞልቶ ልብሴን አልጋ ሥር አስቀመጥኩ። ከዚህ ያላቀቀኝ የፊንላንዱ ዕቃ ነዳፊ ካይ ፍራንክ ነው። ሄልሲንኪ ለነበረው አራቢያ ለተባለ የሸክላ ፋብሪካ የሠራው ኪልታ የሚባል የገበታ ዕቃ በ1953 ሲወጣ አበባም ወርቅም አልነበረውም፤ እንደ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቢጫና አረንጓዴ ያለ አንድ ወጥ ቀለም ብቻ። ሰው እንደ አቅሙ አንድ አንድ እየገዛ፣ ቀለሙንም እንደ ፈለገ እያቀላቀለ እንዲጠቀምበት ታስቦ የተሠራ ነው። ጦርነት ያደቀቀው አገር፣ ጠባብ ቤት፣ ትንሽ ደሞዝ፤ ለእንደዚያ ኑሮ የታሰበ ዕቃ ነው። ይህን ስረዳ ከእንጀራ ጋር የማይሄደውን ሁሉ ሸጬ፣ ቢጫና ጥቁር ኪልታ ሳህኖችን አስቀረሁ። ሽሮ ጥቁር ሳህን ላይ ሲወጣ እንዴት እንደሚያምር!

ስለ አያያዝ፦ በእጅ አጥባለሁ፤ በተለይ ወርቃማ ጠርዝ ያለውን ማሽን ያረግፈዋል፣ ማይክሮዌቭም ውስጥ መግባት የለበትም። የቡና ጥቁረት በቤኪንግ ሶዳና በለስላሳ ጨርቅ ይለቃል። በረኪና አታስነኩት። ሳህን ሲደራረብ የላይኛው ቂጥ የታችኛውን ፊት ስለሚጭር በየመሃሉ የቡና ማጣሪያ ወረቀት አደርጋለሁ። ሽፋኑ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ አሮጌ ሸክላ ላይ ደግሞ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ያለበት ምግብ አላሳድርም። የዱሮ ቀለምና ሽፋን ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ ጎምዛዛ ነገር ያወጣዋል።

የቤርሶውን ነገር ሳልጨርስ። ፍለጋው አራት ዓመት ፈጀ። አንዱን ከሎፒስ፣ ሁለቱን ከሰከንድ ሃንድ ሱቅ፣ ሦስቱን ከአንድ የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ አገኘሁ። ስድስት ሲኒና አምስት ማስቀመጫ አለኝ፤ ስድስተኛውን ማስቀመጫ እስካሁን እፈልጋለሁ። እኒያ እናት ካረፉበት ወር ጋር ሲገጥም በየዓመቱ አንድ ጠዋት በቤርሶው ብቻ እጠጣለሁ፤ እሳቸው እንደሚወዱት ቀጠን አድርጌ።

ባለፈው ዓመት እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ዕጣን አጭሼ፣ ጀበናዬን ጥጄ፣ ቤርሶዎቹን ረከቦቱ ላይ ደረደርኳቸው። አንዱን አነሣችና «ይሄ ሲኒ ነው ወይስ ጣሳ?» አለች ትልቀቱን እያየች። ከዚያ ጆሮውን በጣቷ አንጠለጠለች፣ ጠርዙን በጥፍሯ መታ አደረገችውና ጆሮዋን አስጠጋች።

«ደኅና ነው፤ ቅጂልኝ» አለችኝ።