የውሰት ሎቤድ

ማሾ ሊጭን ሸዋ ሮቢት የወረደው ኤፍ ኤስ አር አይሱዙያችን ሞተሩ ግሎ ቀጥ አለ። መጠገን ያለበት ደብረ ብርሃን ነው። አለቃችን መላ አላጣም፤ "በሲኖ ጎትታችሁ አምጡት፣ ካቦ አለ አይደል?"

ካቦማ አለ። መንገዱ ግን ጣርማ በር ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 በላይ። ሞተሩ የማይነሳ መኪና ንፋስ አይሞላም፣ ንፋስ ከሌለ ፍሬን የለም፣ መሪውም አልዞር ይላል። ያን ዳገት፣ ያን ጉም፣ ጣሊያን የቆፈረውን ያን ዋሻ በካቦ? ሜካኒካችን "እኔ መሪው ላይ አልቀመጥም፣ ልጆች አሉኝ" ብሎ ቁርጡን ነገረው።

በመጨረሻ አንድ ኮንትራክተር ሎቤዱን፣ መኪና የሚጫንበትን ዝቅ ያለ ተሳቢ፣ ከሚጎትተው ሳቢ መኪና ጋር አዋሰን። በነፃ! ነዳጁን ብቻ ቻሉ አለ። አለቃችን ፊቱ በራ።

ሳቢውን የሚነዱልን ጋሼ ግን ነፃ ነገር አይወዱም። ገና ከግቢው ሳንወጣ ንፋስ አስሞሉ፣ ሞተር አጠፉና "እስቲ ዝም በሉ" አሉን። ስስስ ይላል። ጎንበስ ብለው ሲያዩ የፍሬኑ የንፋስ ጎማ (ቱቦው) ተሰንጥቆ፣ በካላማዳሪ ቁራጭ ተጠቅልሎ፣ በሽቦ ታስሯል። አለቃችን በስልክ "ባዶውን አይደል የምትወርዱት?" አለ። ጋሼ ስልኩን ተቀበሉኝ፤ "ጌታው፣ ስመለስስ ባዶ ነኝ? ዳገቱ መሃል ብቆም ማን ይይዘኛል?" ጎማው እስኪቀየር ግማሽ ቀን ሄደ። እኔ በበኩሌ ቅር አላለኝም።

ሸዋ ሮቢት ላይ ካቦው ሥራ አገኘ፤ አይሱዙውን ሎቤዱ ላይ የሳብነው በእሱ ነው። ሞተሩ ወደ ሳቢው ዞሮ ገባ፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ ተሳቢ ይወዛወዛልና። በአራቱም ማዕዘን ሰንሰለቱ ሻንሲው ላይ ታሰረ፣ ጎማዎቹ ሥር ታኮ ገባ። ጋሼ ዋሻውን እያሰቡ ቁመቱን ሳይቀር በሜትር ለኩ። አርማንያ ስንደርስ ደግሞ ዳር ይዘው ወረዱና ሰንሰለቶቹን አንድ በአንድ በእግራቸው መታ መታ አደረጉ። የኋላው ግራ ላልቶ በእጅ ይወዛወዛል። ያኔ ያየሁት ረዳቱን ነው፤ ቀለሙ ተለዋውጧል። እንደገና ጠበቀ፣ በዝግታ ወጣን፣ ማታ ደብረ ብርሃን ገባን።

በማግስቱ ባለሎቤዱ ደወለ። "የንፋሱን ጎማ ቀየራችሁልኝ አሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ! የመኪናውንስ ጎማዎች አይታችኋቸው ነበር? ሁለቱ ትንሽ ያሰጉኛል።"