የአሮጌው ፒክአፕ የጧት ኳኳታ
ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለው ግቢያችን የሚያድረው ባለ 22 አር ሞተር ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ባለፈው ኅዳር ብርዱ ሲጠና፣ ጧት በተነሳ ቁጥር በቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደ መበተን ያለ ድምፅ ያሰማ ጀመር፤ ድምፁ ሦስት አራት ሰከንድ ይቆይና ድንገት ይጠፋል። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ሞተሩን በሞቀበት ሰዓት ብቻ ሰምቶ «ሞተሩ ይውረድ» ስላለኝ፣ ዋጋውን ስሰማ ራሴ ለመከታተል ወሰንኩ።

የዘይቱ መጠን ሙሉ ነበር። ሌሊቱን ሲያድር ይንኳኳል፤ ሁለት ሰዓት ቆሞ ሲነሳ ግን ዝም ይላል። በዘይት ፊልትሮው (ማጣሪያው) ውስጥ ያለችው፣ ዘይቱ እንዳይመለስ የምትከለክለው ጎማ ከደረቀች ዘይቱ ሌሊት ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ፓምፑ ፊልትሮውን እንደገና እስኪሞላ ድረስ የካቴናው፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰንሰለት፣ በዘይት ግፊት የሚሠራው መወጠሪያ ላልቶ ይቆያል። ይህን ከማወቄ በፊት ግን «ወፍራም ዘይት ድምፅ ያፍናል» የሚል ምክር ሰምቼ 20 ደብልዩ 50 ሞልቼ ነበር፤ በብርድ ወፍራም ዘይት ቶሎ ስለማይደርስ ኳኳታው ባሰ። ወደ 10 ደብልዩ 30 ተመልሼ ፊልትሮውን ስቀይር ድምፁ ወደ አንድ ሰከንድ ግድም አጠረ። አሮጌውን ፊልትሮ በመጋዝ ከፍቼ ሳየው፣ ጎማዋ ደርቃ በጣቴ ስጫናት ተሰበረች።

የቀረውን ድምፅ ለማግኘት ዲናሞውንና የውኃ ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጋ አውልቄ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አስነሳሁት፤ ስላልተለወጠ ዲናሞውና የውኃ ፓምፑ ነጻ ወጡ። የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ የሞተሩ የፊት ክዳን ላይ አሳርፌ እጀታውን ከጆሮዬ ሳስጠጋ፣ ኳኳታው ከካቴናው በኩል ጎልቶ ተሰማኝ። የቫልቭ ክዳኑን ከፍቼ በባትሪ ቁልቁል ሳይ፣ በሹፌሩ በኩል ያለው፣ ካቴናውን መስመር የሚያስይዘው መምሪያ ፕላስቲክ ግማሹ የለም። ይህ የሞተሩ የታወቀ ድካም ሲሆን፣ ችላ ከተባለ ካቴናው የፊት ክዳኑን እየፋቀ ይበሳውና ውኃ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል። የእኔው ክዳን ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ብቻ ነበር።

መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስሄድ ካቴናውን ብቻ ልገዛ ነበር። አንድ የቆዩ መካኒክ «ልጄ፣ መምሪያውን ትተህ ካቴና ብትቀይር ተመልሰህ ትመጣለህ» አሉኝ፤ እኔም «እሺ ጋሼ» ብዬ ካቴናውን ከነጥርሶቹ፣ መወጠሪያውንና የብረት ድጋፍ ያላቸውን መምሪያዎች ገዛሁ። ሥራውንም እሳቸው ሠሩት። ከመነሳቱ በፊት እሳት እንዳያገኝ የኮይሉን ገመድ ነቅለው፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ሞተሩን በቁልፍ ብቻ አዞሩት።

አሁን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱንና ፊልትሮውን አብሬ እቀይራለሁ፤ እሑድ እሑድ የዘይቱን መጠን አያለሁ፤ ጧት እንደተነሳም የዘይት መብራቱ ሳይጠፋ ነዳጅ አልሰጠውም።