ወፍራም ሁሉ አያሞቅም

ሰዓቱ ለብርዱ ወራት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ከተመለሰ ወዲህ ከሥራ የሚወጣው በጨለማ ነው። የብስክሌት ጓንት ነገር አሁን ካልታሰበ ዲሴምበር ላይ ሱቁ ውስጥ የሚቀረው ወይ በጣም ትንሹ ወይ በጣም ትልቁ ቁጥር ይሆናል።

እዚህ ስቶክሆልም አዲስ የመጣ አበሻ ብስክሌት ሲጀምር ብዙውን ጊዜ የሚያነሳው ካለው ሁሉ ወፍራሙን የበረዶ ሸርተቴ ጓንት ነው። አይፈረድበትም። ግን እጅን የሚያሞቀው ጨርቁ ሳይሆን ጨርቁ መሃል ሳይንቀሳቀስ የሚቆየው አየር ነው። መሪ ሲጨበጥ የመዳፉ በኩል ይጨፈለቅና አየሩ ይወጣል፤ ሙሌቱ የወፍ ላባ ከሆነማ ከነጭራሹ ይተኛል። ሰው ሠራሽ ሙሌት፣ ፕሪማሎፍትም ሆነ ቲንሱሌት፣ ሲጨመቅም ሲረጥብም የተሻለ ይቋቋማል። ወፍራሙ ጓንት ሌላም ጣጣ አለው፦ ፍሬኑ በምን ያህል ኃይል እንደተያዘ አይታወቅም፤ አንድ ማርሽ ሲፈለግ ሁለት ይዘላል።

ነፋሱን መርሳት አይቻልም። ሙቀቱ ዜሮ ሲሆን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው እጅ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 5 ያህል ሆኖ ይሰማል። ከዜሮ በታች 10 ከሆነ ደግሞ 18 ገደማ ይደርሳል። ይህ አየሩ ጸጥ ባለበት ቀን ነው። ስለዚህ የጓንቱ ጀርባ ነፋስ የማያሳልፍ መሆን አለበት፤ ከእናት ቤት የተላከ የሱፍ ጓንት ለብቻው ወንፊት ነው። ከሥር ሲለበስ ግን ሥራውን ይሠራል።

የስቶክሆልም ዋነኛ ችግር ቅዝቃዜው አይመስለኝም፤ እርጥበቱ ነው። ዋና ዋና የብስክሌት መንገዶች በረዶው በብሩሽ ተጠርጎ ጨው ይደረግባቸዋል። ለጎማ በጣም ጥሩ ነው፣ ለጓንት ግን አይመችም፦ ከዜሮ በታች 4 ሆኖም አስፋልቱ እርጥብ ነው፣ ጭቃ መከላከያ የሌለው ብስክሌትም ያንን ጨዋማ ውሃ እጅ ድረስ ይረጨዋል። የረጠበ ጓንት ከዜሮ በታች 2 ላይ፣ የደረቀው ከዜሮ በታች 10 ላይ ከሚሆነው የባሰ ይቀዘቅዛል። እርጥበቱ ከውስጥም ይመጣል። ከሆርንስቱል ሰፈር ተነስቶ በቬስተርብሩን ድልድይ ወደ ኩንግስሆልመን ደሴት የሚሻገር ሰው ሽቅቡ ላይ መዳፉ ያልበዋል፤ አናቱ ላይ የሜላረን ሐይቅ ነፋስ ይቀበለዋል፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ያ ላብ በረዶ ይሆንበታል።

ምርጫዬ እንዲህ ነው። ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ላይ ነፋስ የማያሳልፍ ስስ ጓንት ይበቃል። ከ0 እስከ 5 ሆኖ ዝናብ ካለ ውሃ የማያስገባ ሽፋን ያለው ባለአምስት ጣት ጓንት፣ ወይም እንደ ጠላቂ ልብስ ከኒዮፕሪን የተሠራው፤ ኒዮፕሪን ይረጥባል ግን ረጥቦም ያሞቃል፣ ለደረቅ ብርድ ግን አይሆንም። ከዜሮ በታች 5 ካለፈ ሁለት ሁለት ጣት አንድ ላይ የሚገባበትን እመርጣለሁ፣ ጣቶች እርስ በርስ ይሟሟቃሉና። ከዜሮ በታች 12 እና ከዚያ በላይ ሲበረታ ምግብ የሚያደርሱት ልጆች ብስክሌት ላይ የሚታየው፣ መሪው ላይ የሚጠለቀው ከረጢት ነው መፍትሔው። ከሥሩ ስስ ጓንት ብቻ ይበቃል። አፉ ደርቆ የሚቆም መሆን አለበት፤ ተልፈስፍሶ የሚዘጋ ከሆነ አቅጣጫ ለማሳየት የወጣ እጅ ፍሬኑ ጋር በጊዜ አይመለስም። በባትሪ የሚሞቀው ጓንት ጣታቸው ቶሎ ለሚነጣ ሰዎች ጥሩ ነው፤ ለሌላው ሰው ግን ሌላ ቻርጀር ነው።

ልኩን መሳሳት ጥሩውን ጓንት ሁሉ ገደል ይከታል። ከአውራ ጣት በስተቀር መዳፉን በጣቶቹ ሥር ዙሪያውን በሜትር መለካት ነው፦ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁጥር 8፣ 23 ገደማ ቁጥር 9 ይሆናል። ከሥር የሱፍ ጓንት የሚለበስ ከሆነ ያንን ለብሶ መሞከር። ከዚያ እዚያው ሱቅ ውስጥ አንድ ብስክሌት ፈልጎ ፍሬን መያዝ ነው። የጓንቱ ጫፍ የጣትን ጫፍ ከነካ ጠቧል፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። የጠበበ ጓንት ሙሌቱን ብቻ ሳይሆን የደም ዝውውሩንም ያፍናል። ቀጥሎ እጅን ትንሽ አርጥቦ ፈጠን አድርጎ ማውጣት። የውስጡ ገበር ተገልብጦ አብሮ ከወጣ ያንን ጓንት መተው ነው፤ ቀይ መብራት ላይ የእያንዳንዱን ጣት ገበር መልሶ ማስገባት እጅግ ያበሳጫል።

ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚደነዝዙት ፍሬኑ ላይ የሚያርፉት ሌባ ጣትና መሃል ጣት ናቸው። የፍሬኑ እጀታ አልሙኒየም ነው፣ ሙቀትን ይመጥጣል፤ ጣቱ ደግሞ ተዘርግቶ ነፋስ ፊት ነው። እጀታውን ጣት በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ሁለት ዙር የጎማ ቴፕ መጠቅለል ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ መታጠፊያው ጋ እንዳይደርስ፣ ፍሬኑም ሲለቀቅ በነፃነት መመለሱ ይታይ።

የእጅ አንጓም አይዘንጋ፤ እዚያ ደም ለቆዳው ቅርብ ነው፣ በጃኬቱና በጓንቱ መካከል ክፍተት ካለ ጣት አይሞቅም። በዝናብ ጊዜ የጃኬቱ እጅጌ ከጓንቱ ውጭ ይሁን፤ ክንድ ብስክሌት ላይ ወደ ታች ስለሚያዘነብል ውሃው ወደ እጅ ይፈስሳል። በደረቅ ብርድ ተቃራኒው። ለከባድ ብርድ የሐኪም ስስ ጓንት ከሁሉም ሥር መልበስ ያዋጣል፦ እጁ ያልበዋል፣ ሙሌቱ ግን ደርቆ ይቆያል። ጣት ነጥቶ ስሜት ካጣ ግን ማሸት አይገባም፤ ብብት ሥር ከትቶ ቀስ በቀስ ማሞቅ ነው።

ጨው ጓንት ውስጥ ከቀረ እርጥበት ይስባል፣ ስለዚህ ላዩን በለብ ያለ ውሃ ማለቅለቅ፣ ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቆ ከራዲያተሩ ራቅ አድርጎ መስቀል። ራዲያተሩ ላይ የተቀመጠ እንደሆነ ሽፋኑን የያዘው ሙጫ ይለቃል። ማሽን ውስጥ የሚታጠብ ዓይነት ከሆነ በ30 ዲግሪ፣ ያለ ማለስለሻ። ወፍራም ጓንት በአንድ ሌሊት ላይደርቅ ይችላል፤ አንድ ውድ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ ጥንድ መግዛቱን የምመርጠው ለዚሁ ነው።