ያልረዘመው ሱሪ

በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ፒያሳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ እግሩ ላይ አራት ጣት የሚሆን ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ እተዋለሁ። ልጅ አይደል፣ ያድጋል። በዓመቱ እጥፋቱ ይፈታና ሱሪው ይረዝማል። የልጄ እጥፋት ግን መስከረም ሄዶ መስከረም ቢመጣም ክሩ አልተነካም።

ሆዱን ያመዋል፤ በተለይ ከእምብርቱ በታች በቀኝ በኩል። ያስቀምጠዋል፣ ደግሞ ይተወዋል። አፉ ውስጥ ይቆስላል። ሰፈሩ መቼም ሁሉም ሐኪም ነው። አንዱ አሜባ ይላል፣ ሌላው ጃርዲያ። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ «ኮሶ ነው ልጄ፣ ሌላ ምን ይሆናል?» አሉ። ያልዋጠው የትል መድኃኒት የለም።

በኋላ አንዲት የሕፃናት ሐኪም ሆዱን ከመንካቷ በፊት ቁመቱን ለካች። የእድገት መስመሩን አሳየችኝ፤ ሽቅብ መውጣት ሲገባው ጋደም ብሏል። አንዳንድ ልጅ ላይ ከሆድ ሕመሙ በፊት የሚታየው ይሄ ነው አለችኝ።

ምርመራው ሲያልቅ ክሮንስ ተባለ። የሰውነት መከላከያ በገዛ አንጀት ላይ ሲነሳ የሚመጣ ቁስለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚይዘው የትንሹን አንጀት መጨረሻ ነው። ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠጠውም እዚያው ነው፤ ልጁ ቢበላም አያፈራለትም። በፈረንጆቹ 1932 ኒውዮርክ ውስጥ ሦስት ሐኪሞች ስለ በሽታው ጻፉ፤ በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ቀድሞ የተጻፈው ክሮን ስሙን ወረሰ። የሁለቱ ስም ቀረ፣ ያሳዝናል።

ስሙ እስኪገኝ ግን አበሳችንን አየን። የአንጀት ቲቢም የሚወደው ያንኑ ቦታ ነው፣ ቁስሉም ይመሳሰላል። እኛ አገር ደግሞ የሚበዛው ቲቢው ነው። ለክሮንስ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ቲቢ ላለበት ከተሰጠ መከላከያውን አዳክሞ ያባብስበታል። ስለዚህ የአክታው፣ የራጁ፣ የናሙናው ውጤት ሁሉ ተጠበቀ። ልጁ ሆዱን ይዞ ሲያቃስት «ታገሱ» መባል እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል። ያኔ ዝም ብሎ መድኃኒት የሚጽፍልኝ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ላይ ሳስበው ሐኪሟን አመሰግናታለሁ።

ውጭ አገር ልጆችን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በፈሳሽ ምግብ ብቻ እያቆዩ ቁስሉን ያበርዱታል አሉ። ያ የተዘጋጀ ወተት ለኛ ኪስ አይሆንም።

አሁን አዛታዮፕሪን ይወስዳል። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴልንና ጉበትን ሊነካ ስለሚችል ደሙ በየጊዜው ይታያል። እማማ ፀበሉን አላስተዉንም፣ እኔም ኪኒኑን አላስተውም። እዚህ ሲጠፋ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ገዝቶ በሰው ይልክልኛል። ዋጋውን ግን አትጠይቁኝ።