ቀዳዳ ያለው ሰደፍ

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ከምላቸው አንድ ጎረቤቴ ጋር እዚሁ ቨርጂንያ ገን ሾው (የጠመንጃ ባዛር በሉት) ሄደን ነበር። በር ላይ ከፍለህ ትገባለህ፣ ከዛ እንደ መርካቶ ጠረጴዛ በጠረጴዛ እየዞርክ ማየት ነው። ጋሼ በደርግ ጊዜ ብሄራዊ ውትድርና የሄዱ ሰው ናቸው፣ ክላሽ አይናቸውን ጨፍነው ፈተው ይገጥማሉ። እኔ ደሞ ከመምጣቴ በፊት ቃሊቲ ትራንዚተር ነበርኩ፣ ስለ ጠመንጃ የማውቀው ነገር የለም፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ግን ሌሊት ቀስቅሰው ቢጠይቁኝም እሞላለሁ።

አንድ ጠረጴዛ ላይ ክላሽ አይተው ብድግ አደረጉት። ቀኝ እጃቸው ከቃታው ኋላ ያለውን እጀታ ፈለገና አጣው። የለማ! በሱ ፈንታ ሰደፉ አንድ ወጥ እንጨት ሆኖ መሃሉ ላይ አውራ ጣት የሚገባበት ትልቅ ቀዳዳ አለው። አፈሙዙ ስር የሳንጃው ማሰሪያም የለም። "ይሄን ደሞ ማነው እንዲህ ያረገው? አናጢ ነው?" አሉኝ። ሻጩ ማክ-90 ነው፣ ቻይና ሰራሽ ነው አለን።

ማታ ቤት ገብቼ ሳነብ አመሸሁ፣ አናጢው ጉምሩክ ሆኖ ተገኘ በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው (አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። አሜሪካ በ1968 ባወጣችው ህግ ከውጭ የሚገባ መሳሪያ "ለስፖርት የሚሆን" መሆን አለበት። አደን፣ ኢላማ ተኩስ ምናምን። እዚሁ የሚመረት ግን ይሄ ጥያቄ አይመለከተውም። ልብ በሉ፣ ህጉ የሚያየው መሳሪያውን ሳይሆን ድንበር መሻገሩን ነው። በ1989 ጥር ካሊፎርኒያ ስቶክተን ውስጥ አንድ ሰው ቻይና ሰራሽ ክላሽ ይዞ ትምህርት ቤት ገብቶ አምስት ህፃናት ገደለ፣ ከዛ በዛው አመት የአባትየው ቡሽ መንግስት 43 የዚህ አይነት የጠመንጃ ሞዴሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ለብቻው የወረደ እጀታ፣ የሳንጃ ማሰሪያ፣ የሚታጠፍ ሰደፍ፣ እነዚህ የወታደር ምልክት ናቸው ተባለ። ቻይናዎቹ ምን አደረጉ? እጀታውን ከሰደፉ ጋር አንድ አድርገው በእንጨቱ ላይ ቀዳዳ አወጡለት፣ ሳንጃውን ተዉት፣ ስሙንም ማክ-90 አሉት፣ የ1990 የተሻሻለ ኤኬ (ክላሽ) ማለት ነው። ውስጡ ያው ነው፣ ጥይቱም ያው። እኔ ቃሊቲ ስንት አይነት "ማሻሻያ" አይቼ እንደዚህ ፊት ለፊት ስሙ ላይ የፃፈ አስመጪ አላየሁም።

በ1994 ክሊንተን የቻይናን መሳሪያ ጭራሽ ዘጋው፣ እሱ እንኳን የስፖርት ጉዳይ ሳይሆን ከቻይና ጋር ከነበረው የንግድ ድርድር ጋር የመጣ ነው። በ1998 ደሞ ሰደፉን ብትቀይሩትም ብዙ ጥይት የሚይዝ የወታደር ካዝና የሚቀበል ከሆነ አይገባም ተባለ። ስለዚህ ዋዝር የሚባለው የሮማኒያ ክላሽ የካዝና ማስገቢያው ጠባብ ሆኖ፣ በአንድ ረድፍ 10 ጥይት ብቻ የሚይዝ ካዝና ይዞ መጣ፣ እዚህ ከደረሰ በኋላ አስመጪው ማስገቢያውን በማሽን ያሰፋዋል፣ ትክክለኛው ካዝና ይገባል። ግን እዚህም ቢሆን ዝም ብሎ አይደለም። ህጉ 20 ክፍሎች ዘርዝሮ ከነሱ ውስጥ ከ10 በላይ የውጭ ከሆኑ እንዳይገባ ወደተከለከለው አይነት መልሰህ መገጣጠም አትችልም ይላል። ስለዚህ ቃታ አሜሪካ ሰራሽ፣ እጀታ አሜሪካ ሰራሽ፣ ፒስተን አሜሪካ ሰራሽ እያሉ እስኪሞላ ይቆጥራሉ። ተበትኖ ገብቶ እዚህ የሚገጣጠም እቃ ቀረጥ ስናሰላ የምንቆጥረው አይነት ቁጥር ነው፣ ስቄ ልሞት።

ሽጉጥ ላይ ደሞ ብሶበታል። በነጥብ ነው፣ 75 ነጥብ ካላመጣ አይገባም፣ ክብደት፣ ርዝመት፣ የማነጣጠሪያው አይነት እያለ እንደ ማትሪክ ይደመርለታል። የጀርመኑ ዋልተር ፒፒኬ ሽጉጥ ቁመቱ (ከላይ እስከ እጀታው ግርጌ) ቢያንስ 4 ኢንች መሆን ሲገባው በአንድ ኢንች አንድ አስረኛ ገደማ አጠረና ወደቀ። ፋብሪካው ፒፒ የሚባለውን የትልቁን ወንድሙን የታችኛውን አካል ከፒፒኬ የላይኛው ብረት ጋር አጋብቶ ፒፒኬ/ኤስ የሚባል አዲስ ሽጉጥ ሰራ። ዋናው ፒፒኬ በኋላ አሜሪካ ውስጥ በፈቃድ ሲመረት ማንም ቁመቱን አልለካም። ግሎክም ትንንሾቹን .380 የሚባለውን ጥይት የሚተኩሱ ሽጉጦቹን ከኦስትሪያ ማስገባት ስላልቻለ በ2014 ጆርጂያ ስቴት ባለው ፋብሪካው 42 የሚባለውን ሰራ።

ይሄን ሳይ ህጉ አደጋን ሊከላከል ነው ወይስ የአገር ውስጥ ፋብሪካን ሊጠብቅ ነው ብዬ መጠየቄ አልቀረም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም አለበት፣ ግን ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ያደላል። እዛው ማክ-90ው ካለበት ሁለት ጠረጴዛ አለፍ ብሎ ኤአር-15 የሚባለው አሜሪካ ሰራሽ ጠመንጃ ከነእጀታው ተደርድሯል፣ ማንም ስለ ስፖርት አልጠየቀውም፣ እዚሁ ነዋ የተወለደው።

ጋሼ ግን ለዚህ ሁሉ ግድ የላቸውም። ስንወጣ አካባቢ የድሮ መሳሪያ ብቻ የሚሸጥ ሰውዬ ጋ ቆሙ። ከጠመንጃዎቹ መሃል የጣልያን ካርካኖ አለ፣ አንገቱ ላይ በሽቦ የተጠፈረ፣ ሰውዬው ከኢትዮጵያ የመጣ ነው አለን። እውነትም ከቅርብ አመታት ወዲህ ከኛ አገር መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች እዚህ ይሸጣሉ። 50 አመት ያለፈው የወታደር ጠመንጃ እንደ ቅርስ ስለሚቆጠር ማንም እንጨቱን ቅደድ አይለውም፣ ከነሳንጃ ማሰሪያው ይገባል። የሚገርመኝ፣ ያ የ1968 ህግ እንዲወጣ አንዱ ምክንያት ኬኔዲ መገደሉ ነበር፣ የተገደለውም በፖስታ ታዝዞ በ19.95 ዶላር ከነመነፅሩ በተገዛ ካርካኖ ነው።

ጋሼ ሽቦውን በጣታቸው ዳሰሱት። "ይሄ የገበሬ እጅ ነው" አሉ፣ ዋጋውን ጠየቁ፣ ሰሙና ቀስ አድርገው ወደ ቦታው መለሱት።