ዘጠናው ቀን ካለፈ በኋላ የመጣው ደንበኛ

በኒውዮርክ ከተማ የፖሊስ በደል ጉዳይ የሚይዙ ጠበቆች ዘንድ ይህ ገጠመኝ ደጋግሞ ይመጣል። ታክሲ ነጂ ነው፤ ሌሊት ፖሊሶች አስቁመው ጎትተው ሲያወርዱት ክንዱ ተሰበረ። በማግሥቱ በፖሊስ ላይ የሚቀርብ ቅሬታን ለሚያየው የከተማው አካል፣ ለሲቪል ቅሬታ መርማሪ ቦርድ አመለከተ፣ የመዝገብ ቁጥር ተሰጠው፣ ቃሉንም ተቀበሉት። ውጤት ሲጠብቅ አምስት ወር አለፈ። ጠበቃ ፍለጋ የወጣው ቦርዱ ካሳ እንደማይከፍል ሲነግሩት ነው።

ቦርዱ የሚያየው የዲሲፕሊን ጥፋትን ነው፤ የቅጣት ሐሳብ ያቀርባል፣ የመጨረሻው ውሳኔ የፖሊስ ኮሚሽነሩ ነው። በክፍለ ግዛቱ ሕግ ከተማውን በድብደባ ለመክሰስ ግን ድርጊቱ በተፈጸመ በ90 ቀን ውስጥ ለከተማው ኮምፕትሮለር (የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ሹም) ካሳ እንደሚጠየቅ የሚገልጽ የጽሑፍ ማስታወቂያ መግባት አለበት፤ ክሱም በ1 ዓመት ከ90 ቀን ውስጥ ይከፈታል። ቅሬታ ማቅረብ ይህን ቆጠራ አያቆመውም። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው፤ የመዝገብ ቁጥር በእጁ ስለያዘ ጉዳዩ የተጀመረ ይመስለዋል።

ለዘገየ ማስታወቂያ ፍርድ ቤት ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል፤ ከተማው ፍሬ ነገሩን በጊዜው አውቆ እንደነበር ማሳየት ይረዳል። ሌላው በር፣ ባለሥልጣን ሕገ መንግሥታዊ መብት ሲጥስ ለመክሰስ በሚያስችለው በፌዴራሉ ሕግ ክፍል 1983 የሚቀርበው ክስ ነው። ማስታወቂያ አይጠይቅም፣ ይርጋውም (ክስ የሚከፈትበት የጊዜ ገደብ) በኒውዮርክ 3 ዓመት ነው። ጠባብ በር ግን ነው። ከ1978ቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሞኔል ፍርድ ወዲህ ከተማው በዚህ ሕግ የሚጠየቀው በደሉ ከፖሊሲው ወይም ከሥር የሰደደ አሠራሩ ሲመነጭ ነው፤ ፖሊሱም በግሉ ሲከሰስ «በግልጽ የታወቀ መብት አልጣስኩም» ብሎ ያለመከሰስ ከለላ ያነሳል።

ስለዚህ የፖሊሱ ማንነት ወሳኝ ነው። «ስሙ ያልታወቀ» ተብሎ የተከፈተ ክስ፣ ይርጋው ካለፈ በኋላ ስም ቢተካበት ብዙ ጊዜ ይወድቃል። የባጅ ቁጥር፣ የመኪና ቁጥር፣ ቦታና ሰዓት በዚያው ዕለት ይጻፍ። የፖሊሶቹ የደረት ካሜራ ቪዲዮ እንዳይጠፋ የሚጠይቅ ደብዳቤ ወዲያው ይላክ፤ ከዚያ በፊት ግን በአካባቢው ያሉ ሱቆች ካሜራ ይጠየቅ፣ ቅጂው በቀናት ሊሰረዝ ይችላልና።

ነጂው ላይ የወንጀል ክስ ካለም ቶሎ ቤት ለመግባት ሲል «ጥፋተኛ ነኝ» አይበል። ለቀላል ጥፋት እንኳ ቢሆን በሕገወጥ እስር የመክሰስ መብቱን ሊዘጋበት ይችላል። ለቦርዱ የሚሰጠው ቃልም ኋላ የመስቀለኛ ጥያቄ መነሻ ስለሚሆን ጠበቃ ሳያማክር ባይሰጥ ይመረጣል። ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ ክንዱ እንዴት እንደተሰበረ ለነርሷ ይናገር፤ ካርዱ ላይ «ወድቆ» ተብሎ ከተጻፈ ማስተካከሉ ከባድ ነው።